ስድስተኛዋ የጳጉሜን ቀን

ኢንጂነር ፍስሐጽዮን ዋለልኝ አጥናፉ ቢረዳን የሰደበው ጳጉሜን 6 ቀን 2167 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ቦታው ማዕዶት የሰማይ ወደብ፣ ሁለተኛው መተላለፊያ፣ አዲሱ ደፍ በተመረቀበት ዕለት። ከበው የቆሙት አስራ አንድ ሰዎች ነበሩ፤ አስራ አንዱም ሳቁ። አጥናፉ የዘጠኙን ስም ከነአባታቸው ያውቃል። ሁለቱ የውጭ አገር እንግዶች ነበሩ። እነሱ የሳቁት ቋንቋው ገብቷቸው ሳይሆን ሰው ሲስቅ አይተው ነውና ብዙ አይፈርድባቸውም። በዘጠኙ ላይ ግን ይፈርዳል።

ስድቡ ቃል በቃል ይህ ነበር፦ «ስምንተኛ ክፍል ያልጨረሰ ሰው ቀን ሊቆጥርልኝ መጣ። አንተ ሰውዬ፣ ቡሎንህን አጥብቅ፤ ቀኑን ለእኛ ተወው።»

አጥናፉ ስምንተኛ ክፍልን ጨርሷል። ያልጨረሰው ዘጠነኛን ነው። ይህንን ለመናገር አፉን ሲከፍት ሳቁ ቀደመው፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ የሚሰማ አልነበረም። ከሳቁት መካከል ሽማግሌ ሊልክባት ያሰባት የመዝገብ ቤቷ ሙሉነሽ ነበረች። ሽማግሌውን አልላከም። እሷም ከዓመት በኋላ ሌላ አገባች፤ ሠርጓ ላይ ተጠርቶ አልሄደም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። አጥናፉ ይህ ተረት ለሱ ብቻ የተነገረ ይመስለዋል።

አስራ ስድስት ዓመት አለፈ። ጳጉሜን 6 ቀን 2183 ዓ.ም.፣ ሰኞ፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ አጥናፉ አምስተኛው መተላለፊያ ወለል ላይ ተንበርክኮ የደፉን ሳንባ ያጥብ ነበር። ከእግሩ ሥር ባለው ወፍራም መስታወት ምድር እንደ ወትሮዋ ትዞራለች። ቀይ ባሕር አለፈ፣ ደመና አለፈ። አላያትም። ሃያ ዓመት ማዕዶት ላይ የሠራ ሰው ወደ ታች አያይም።

ማዕዶት ማለት መሻገሪያ ማለት ነው። ከጨረቃና ከዚያ ወዲያ የሚመጡ መርከቦች ሁሉ እዚህ ይቆማሉ። መንገደኛው ከመርከብ ወርዶ ወደ ምድር በምትወርደው ትንሽ መንኮራኩር ይሳፈራል። በመካከሉ ያለው ጠያቂ ደፍ ነው። ደፉ በር አይደለም፤ በር ዝም ይላል። ይህ ግን ይጠይቃል፦ ከየት መጣህ? ወዴት ትሄዳለህ? መቼ ትወጣለህ? መንገደኛው በአፉ ይመልሳል፤ ደፉ መልሱን ከትኬቱ ጋር ያስተያያል፣ በሳንባው ደግሞ ትንፋሹን ያሸታል። ሰው ሲዋሽ ትንፋሹ ይለወጣል። ሳንባው ያን ጊዜ ቢጫ መብራት ያበራል። ሳንባው በሳምንት አንዴ ካልታጠበ የሽንኩርትና የጥርስ ሳሙና ሽታ ስለሚሞላው እውነተኛውን ሁሉ ውሸታም ያደርገዋል። ለዚህ ነው አጥናፉ የሚፈለገው።

የመሸጋገሪያ ቪዛ ሕጉ አጭር ነው፤ በየግድግዳው ተለጥፏል። አንድ ወደብ፣ አንድ ትኬት፣ አንድ ቀን። ከዚያው ወደብ የሚሳፈር፣ መንገዱ ሁሉ በአንድ ትኬት የተቆረጠለት፣ በገባበት ቀን የሚወጣ ሰው ቪዛ አያስፈልገውም። ከሦስቱ አንዷ ከጎደለች ግን ቪዛ ያስፈልገዋል። ቪዛው የሚሰጠው ደግሞ በተነሳበት ቦታ ብቻ ነው፣ ከጉዞው አስራ ሁለት ቀን በፊት። ሳይዝ የመጣ ሰው በሁለት የመስታወት ደፎች መካከል ይቀራል፤ ወደ ኋላ አይመለስ፣ ወደ ፊት አይሄድ።

ኸይሪያ እየሮጠች መጣች። የቀኑ ተረኛ አለቃ ናት፤ ሠላሳ ዓመት አይሞላትም፤ ሁለት ዲግሪ አላት። ለአጥናፉ ግን ዲግሪዋን አሳይታው አታውቅም፤ ስለዚህ ይወዳታል።

«ጋሽ አጥናፉ፣ ሁለተኛው መተላለፊያ ሰው ዘግቷል።»

«ዛሬ ተሸጋጋሪ አይገባም። ስድስት ነች።»

«እሱን አውቃለሁ። ከጨረቃ የመጣው መርከብ ከትናንት ወዲያ ነበር መድረስ የነበረበት፤ የፀሐይ ማዕበል ይዞት ዛሬ ደረሰ። አርባ አንድ ሰው ይዟል። አርባው እዚሁ ቀሪ ናቸው። አንድ ብቻ ተሸጋጋሪ አለ፣ ሽማግሌ ናቸው። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ የምትነሳ መንኮራኩር አለቻቸው፤ ደፉ ግን አድረዋል፣ ቪዛ ያምጡ ይላል። ከገቡ ሃያ ደቂቃ አልሆናቸውም።»

አጥናፉ ሳንባውን ወደ ቦታው አስገባና በመዳፉ መታ መታ አደረገው። ነገሩ ገብቶታል። በዚህ ወደብ ከሱ በቀር የሚገባው ሰው የለም። የደፉ መግቢያ ጎን ጳጉሜንን አምስት ቀን ብቻ አድርጎ ነው የሚያውቃት፤ በአራት ዓመት አንዴ ስድስተኛዋ ስትመጣ አምስተኛዋ የተደገመች ይመስለዋል። የመውጫው ጎን ደግሞ አምስት ካለፈ መስከረም አንድ ጠብቷል ብሎ ያምናል። ስለዚህ ዛሬ ገብቶ ዛሬ የሚወጣ ሰው፣ በአንዱ ጎን ጳጉሜን አምስት ገባ፤ በሌላው ጎን መስከረም አንድ ይወጣል። ዓመት ለወጠ ማለት ነው። የዛሬ አስራ ስድስት ዓመት፣ በምረቃው ማለዳ፣ አጥናፉ ለሙከራ ገብቶ አንድ ሰዓት ሙሉ የታሰረው በዚህ ነው። ሲወጣ ሌላ ሰው እንዳይታሰር ብሎ ለሠሪው ነገረ። ሠሪውም በአስራ አንድ ሰው ፊት መለሰለት።

ከዚያ ወዲህ በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን ስድስት «የጥገና ቀን» ተባለች፤ ተሸጋጋሪ የያዘ መርከብ እንዳይቆም ተደረገ። ለምን እንደሆነ ማንም አልተናገረም። አጥናፉም አልተናገረም። መፍትሔውን ግን አገኘው፤ በእጁ፣ በአንዲት የጥገና ቀን፣ ብቻውን። ካልጠየቁኝ አልናገርም ብሎ በልቡ ቆለፈው።

«ስማቸው ማን ይባላል?» አለ።

ኸይሪያ የያዘችውን ሰሌዳ አየች። «ፍስሐጽዮን ዋለልኝ።»

አጥናፉ ጨርቁን ጨመቀ። ውሃው እየተንጠባጠበ መስታወቱ ላይ፣ ምድር ላይ ወደቀ።

«ታዲያ ራሱ ይክፈተው» አለ።

«እንዴት?»

«ሠሪው ነው። ስሙ ሁለተኛው መተላለፊያ ግድግዳ ላይ በነሐስ ተቀርጿል። ስታልፊ አላየሽውም?»

«ሰውዬው ከውስጥ ናቸው ጋሼ፤ ከውስጥ አይከፈትም። ታች ቢሮ ደወልኩ። ቪዛ ያምጡ ይላሉ። ከየት ያምጡ ስል፣ ከተነሱበት ይላሉ። ከደፉ ሳይወጡ እንዴት ይመለሱ ስል፣ ቪዛ ካላቸው ይወጣሉ ይላሉ።» ተነፈሰች። «ይህን ደፍ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ እንደሌለ ሁሉም ይናገራል። ይከፍቱታል?»

«እኔ ቡሎን አጥባቂ ነኝ።»

«እሱን ተዉት። ይችላሉ ወይስ አይችሉም?»

«አልችልም» አለ አጥናፉ።

አሁን ያጠበው ሳንባ አጠገቡ ነበር። ቢጫ መብራቱ በራ። አጥናፉ እርጥቡን ጨርቅ ጣል አደረገበት። ኸይሪያ ሰሌዳዋን እያየች ስለነበር አላስተዋለችም።

«በጽሑፍ ትእዛዝ ይምጣልኝና እሞክራለሁ» አለ ቀጥሎ። «ያለ ጽሑፍ ደፍ ነክቼ ነገ አንድ ነገር ቢበላሽ ማን ይጠየቃል? ባለ ዲግሪው አይጠየቅም። የሚጠየቀው ስምንተኛ ክፍል ነው።»

«ትእዛዝ እስኪጻፍ መንኮራኩሯ ትሄዳለች። ነገ በዓል ነው፤ እስከ መስከረም ሦስት ሌላ የለም። ባለቤታቸው ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት ተኝተዋል አሉ፤ ዛሬን የሚያልፉ አይመስልም።»

«እንግዲያስ ቶሎ ይጻፍ።»

ትንሽ አየችው። እንዲህ ያለ ነገር ከሱ አልጠበቀችም ነበር። ከዚያ ወደ ቢሮ ሮጠች።

አጥናፉ የመሣሪያ ሳጥኑንና ምሳ ዕቃውን አንስቶ ወደ ሁለተኛው መተላለፊያ ሄደ። ለምን እንደሚሄድ ያውቃል። ለመታየት ነው። ያ ሰው በመስታወት ውስጥ ሆኖ ከውጭ የቆመውን እንዲያየው፣ አይቶም እንዲያስታውሰው፣ አስታውሶም አንገቱን እንዲደፋ። ይህንን አስራ ስድስት ዓመት ሲያስበው ኖሯል። በሐሳቡ ሰውዬው ሁልጊዜ ደልዳላ ነው፤ ሰማያዊ ኮት ለብሷል።

በመስታወቱ ውስጥ የተቀመጠው ግን ሰማንያ አንድ ዓመት የሆነው ሽማግሌ ነበር። ልባቸው የደከመ ሰዎች በጨረቃ ሐኪም ቤት ይታከማሉ፤ እዚያ ሰውነት ስለሚቀል ልብ ያርፋል፤ እግር ግን ይሰንፋል። የሽማግሌው እግሮች ሱሪው ውስጥ ያሉ አይመስሉም። ጭኑ ላይ ጥቁር የመነጽር ማኅደር ይዟል።

አጥናፉን ሲያየው ቀና አለ። «ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። ሠራተኛ ነህ?» ድምፁ በመስታወቱ ቀዳዳዎች በኩል ቀጥኖ ወጣ።

«ነኝ። እርስዎ ደህና ነዎት?»

አጥናፉ በልቡ አስራ ስድስት ዓመት «አንተ» ሲለው የኖረውን ሰው፣ አፉ ሳያማክረው «እርስዎ» አለው። ተናደደ። ግን ከአፍ የወጣ አይመለስም፤ ከዚያ በኋላ በልቡም ቢሆን «አንተ» ማለት አቃተው።

ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ፊቱን ሞልቶ ቆመላቸው። ሽማግሌው አዩት። ግንባሩን አዩ፣ ዓይኑን አዩ።

«ደክሞሃል መሰለኝ» አሉ።

አላወቁትም።

«ዛሬ ስድስት ናት፣ አይደል?» ቀጠሉ ሽማግሌው። «ገብቶኛል። የእኔው ሥራ ነው። ከውስጥ ሆኖ ምንም ማድረግ አይቻልም፤ እንዳይቻል አድርጌ ነው የሠራሁት። ሲሠሩት ሰው ሁልጊዜ ከውጭ የሚሆን ይመስለዋል።» ማኅደሩን ገለበጡት። «ከውጭ የሚያውቀው ሰው አለ?»

«ትእዛዝ እየተጠበቀ ነው።»

«መልካም። ያለ ትእዛዝ እንዳይነካ ያልኩትም እኔ ነኝ።» ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «ባለቤቴ አምሳለ ትባላለች። ከአምስት ወር በፊት ስነሳ ተሳስቼ የሷን መነጽር ይዤ ሄድኩ። እዚያ ደርሼ ስከፍተው የሷ ነው። ሌላ ይግዙልሽ ብላት እንቢ አለች። ከእንግዲህ ላይ የምፈልገው አንድ ሰው ነው፣ እሱ ደግሞ መነጽሬን ይዞት ይመጣል አለች። አምስት ወር ሰው ሁሉ እየደበዘዘባት ተቀምጣለች። ወንድሜ፣ ትእዛዙን አንተ ሄደህ ብታፋጥነውስ?»

«ተረኛዋ ሄዳለች።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

አጥናፉ ከመስታወቱ ፊት ለፊት፣ ሽማግሌው በሚያዩት ቦታ፣ ሳጥኑ ላይ ተቀመጠ። ሰዓቱ ሰባት ከሃያ አምስት ይላል። ምሳ ዕቃውን ከፈተ። አልራበውም፤ ግን በላ። ምስሩ በርዶ ነበር። ቀስ ብሎ ያኝካል፣ ይውጣል፣ እጁን ይጠርጋል፣ እንደገና ይቆርሳል። ሽማግሌው ሰው ሲበላ ማየት ነውር ነው ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

ሥራው አስር ደቂቃ የማይሞላ ነው። አጥናፉ ያውቃል። ሰባት ሰዓት ከአርባ ላይ ተነሳ። ሳጥኑን ከፈተ፣ መፍቻውን አወጣ፣ ወደ መውጫው ጎን ሁለት እርምጃ ተራመደ። ዓይኑ ግድግዳው ላይ ባለው ነሐስ ላይ አረፈ። «ዕቅድና ሥራ፦ ኢንጂነር ፍስሐጽዮን ዋለልኝ።» ያን ዕለት ሙሉነሽ የቆመችው ከዚህ ነሐስ ሥር ነበር። አፏን በነጠላዋ ሸፍና ነበር የሳቀችው፤ ሳቋን ግን አጥናፉ ከሁሉም ለይቶ ያውቀዋል። መፍቻውን መልሶ ከተተና ተቀመጠ።

ሰባት ሰዓት ከሃምሳ ሆነ። ስምንት ሆነ። ሽማግሌው ቆመው፣ አንድ እጃቸውን መስታወቱ ላይ አድርገው፣ ሰዓቱን ያያሉ እንጂ እሱን አያዩትም። ስምንት ሰዓት ከአምስት ላይ ኸይሪያ ትእዛዙን ይዛ መጣች። ጫማዋን አውልቃ ነበር የሮጠችው።

«ይኸው። ሦስት ፊርማ አለበት።»

አጥናፉ አነበበው። ሦስቱንም ፊርማ አየ። ከዚያ የመውጫውን ጎን ሽፋን ከፈተ። በውስጡ ከወደቡ ዋና ሰዓት ቀን የሚያመጣ፣ ከፀጉር ትንሽ የሚወፍር ሽቦ አለ፤ የቀን ክር ይሉታል። ለእያንዳንዱ ጎን የየራሱ ክር አለው። አጥናፉ የመውጫውን ክር ነቅሎ ከመግቢያው ክር ጋር አጋመደው። አሁን ሁለቱም ዛሬን ጳጉሜን አምስት ናት ብለው ያምናሉ። ስህተት ነው። ሁለት ወገኖች ግን ከተስማሙ፣ ቢሳሳቱም እንኳ፣ ሰው ያሳልፋሉ።

ስምንት ደቂቃ ፈጀ።

«ከየት መጣህ?» አለ ደፉ።

«ከጨረቃ።»

«ወዴት ትሄዳለህ?»

«ደብረ ብርሃን። ቤቴ።»

«መቼ ትወጣለህ?»

«ዛሬ» አሉ ሽማግሌው፤ «ከተቻለ።»

መስታወቱ ተከፈተ። ሽማግሌው አንድ እርምጃ ተራምደው ጉልበታቸው ከዳቸው። አጥናፉ ሳያስበው ጀርባውን ሰጠ፤ ኸይሪያ ደግፋ አሳዘለችው። ሮጠ። ሰማንያ አንድ ዓመት ሙሉ የኖረ ሰው ይህን ያህል ይቀላል ብሎ አልገመተም። የመነጽሩ ማኅደር ደረቱን ይወጋዋል። ሦስት መቶ እርምጃ ነው። በሃምሳ ሁለት ዓመቱ ሮጠው።

መሳፈሪያው በር ላይ ሲደርሱ የበሩ መብራት ቀይ ሆኗል። በሩ ከመነሻው ሩብ ሰዓት ቀደም ብሎ ይዘጋል፤ እሱን የሚለምኑት ሰው የለበትም። ኸይሪያ ያም ሆኖ ለመነችው። በጡጫ መታችው። ማንም አልመለሰላትም። በመስኮቱ ሲያዩ፣ ሩብ ሰዓቱ ሲሞላ መንኮራኩሯ ቀስ ብላ ከወደቡ ተለየችና ወደ ታች፣ ወደ ምድር፣ ባዶ ወንበሯን ይዛ ወረደች።

«አንድ ሁለት ደቂቃ» አለች ኸይሪያ። «አንድ ሁለት ደቂቃ ብቻ።»

አጥናፉ ሽማግሌውን አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። ውሃ አመጣላቸው። ሄዶ ሥራውን ሊቀጥል ይችል ነበር፤ እግሩ ግን እንቢ አለው። ተቀመጠ። ሽማግሌው አንዴ «ጀርባህ ደህና ነው?» አሉት። ደህና ነው አለ።

ከአስር ሰዓት በኋላ ኸይሪያ ተመልሳ በሩቁ ቆማ በእጇ ጠራችው። ፊቷን አይቶ ገባው።

«የወንድማቸው ልጅ ናት፤ ወይንሸት ትባላለች» አለች፤ መነጋገሪያውን ሰጠችው። «ለሳቸው አልነግርም ትላለች። አጠገባቸው ያለውን ሰው አገናኙኝ አለች።»

ከታች፣ ከምድር፣ አንዲት የተዘጋ ድምፅ መጣች። «ጋሼ፣ ስምዎን አላውቅም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እትዬ አምሳለ አረፉ። አሁን፣ አስር ሰዓት ከሩብ ላይ። እስከ አስር ሰዓት ዓይናቸውን ከበሩ አልነቀሉም፤ መንኮራኩሯ ዘጠኝ ተኩል ላይ መድረሷን ሰምተው ነበርና መጣ አይደል፣ መጣ አይደል ሲሉ ነበር። አባባ ብቻቸውን ናቸው። ለብቻ ሰው መርዶ አይነገርም። እዚህ ቢሆኑ ሽማግሌዎች በማለዳ ሄደው፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ነበር። እርስዎ ብቻ ነዎት ያሉት። አጠገባቸው ይቀመጡና ቀስ አድርገው ይንገሩልኝ። በእናትዎ።»

«እሺ» አለ አጥናፉ።

ወደ አግዳሚው ተመለሰ። አባቱ ሲሞት ለእናቱ መርዶ የተነገረበትን ማለዳ ያስታውሳል፤ ሰባት ሰው መጥቶ፣ ማንም ማንንም ሳያይ፣ አንዱ ብቻ ነበር የተናገረው። ያን ሰው ከዚያ በኋላ እናቱ ባየችው ቁጥር ታለቅስ ነበር። መርዶ ነጋሪ ይህን ያውቃል፤ ስለዚህ መርዶ የሚነግረው ሰው ንጹሕ እንዲሆን ይመረጣል።

ተቀመጠ።

«አንተን ነው የጠራችህ» አሉ ሽማግሌው። «እኔን አይደለም።»

አጥናፉ መሬት መሬት አየ።

«ገባኝ። ተወው፣ አትናገረው። ይከብዳል።»

አላለቀሱም። ማኅደሩን ከፈቱ። መነጽሩን አወጡና በሸሚዛቸው ጫፍ አንዱን መስታወት ጠረጉ፣ ሌላውን ጠረጉ፣ ወደ ብርሃኑ አነሱት፤ አንዲት የጣት አሻራ ቀርታ ነበርና እሷንም ጠረጉ። ከዚያ መልሰው ከተቱት። ኸይሪያ በሩቁ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ቆማለች።

ሽማግሌው ማኅደሩን ጭናቸው ላይ አኖሩና ተናገሩ።

«የማንም ጥፋት አይደለም። የኔ ነው። አንድ ነገር ልንገርህ፤ ለአምሳለ እንኳ አልነገርኳትም። የዛሬ አስራ ስድስት ዓመት፣ እንዲሁ በጳጉሜን ስድስት፣ ደፉ በተመረቀበት ቀን አንድ ሠራተኛ መጣ። ደፉ ቀኗን ይስታል፣ ሰው ያስራል አለኝ። በእንግዳ ፊት ስለተናገረኝ ተናደድኩና ሰደብኩት። ቡሎንህን አጥብቅ አልኩት። አስራ አንድ ሰው ነበር፣ ሁሉም ሳቀ። ሳቁ ጣፈጠኝ መሰለኝ፣ ሌላም ጨመርኩ፤ ከሳቁ የተነሳ እሱ የሰማው አይመስለኝም። ያችን ቃል አሁንም ደግሜ አልናገራትም።»

አጥናፉ አልሰማትም ነበር። አስራ ስድስት ዓመት ሙሉ ሁሉንም የሰማ ይመስለው ነበር።

«በማግስቱ ስሌቱን ሳየው ልክ ነበር። ልጠራው አስቤ ነበር። ግን ያዋረድኩት በአስራ አንድ ሰው ፊት ነው፤ ልክ ነህ ለማለት አስራ አንዱንም መልሼ መሰብሰብ ነበረብኝ። አፈርኩ። ስህተቱን ከማረም መርከቦቹን ማስቀረት ቀለለኝ። የጥገና ቀን ብዬ ጻፍኩ። ይኸውልህ፣ በየአራት ዓመቱ ይህቺ ቀን ስትመጣ ያ ሳቅ ይሰማኛል። የወጋ ይረሳል ይላሉ ሰዎች። ተወግተው የሚያውቁ ብቻ ናቸው እንዲህ የሚሉት።»

ከመስኮቱ ውጭ ምድር ወደ ጨለማው ጎኗ መዞር ጀምራ ነበር። ጫፏ ብቻ ያበራል።

«ፊቱን ረስቼዋለሁ» አሉ ሽማግሌው። «ስሙን ያን ዕለትም አልጠየቅኩትም። የማስታውሰው አንድ ነገር ነው። ለራሱ ብሎ አይደለም የነገረኝ፤ እሱ ታስሮ ወጥቷል፤ ሌላ ሰው እንዳይታሰር ብሎ ነው። እንዲያ ዓይነት ሰው ነበር። ዛሬ እሱ እዚህ ኖሮ ቢሆን፣ ትእዛዝ አይጠብቅም ነበር።»

አጥናፉ ጉልበቱ ላይ ያሉትን እጆቹን አየ። የቀን ክሩ ሌባ ጣቱን ቆርጦት ኖሯል፤ ደሙ ደርቋል።

«አንተ የቆየህ ሠራተኛ ትመስላለህ» አሉ ሽማግሌው፤ ወደሱ ዞሩ፤ በእርጅና በደከሙ ዓይኖቻቸው ፊቱን እንደገና ፈለጉት። «ታውቀው ይሆን? በሕይወት አለ?»

እዚህ አግዳሚ ወንበር አጠገብ ትንፋሽ የሚያሸት ሳንባ አልነበረም። አላውቀውም ቢል ቢጫ የሚበራ ነገር የለም። እኔ ነኝ ቢል ደግሞ፣ ሽማግሌው ተንበርክከው ይቅርታ ይጠይቁታል፤ አስራ ስድስት ዓመት የጠበቃት ቀን ይህቺው ነበረች፤ በሌላ መልክ መጣች እንጂ።

አጥናፉ ተነሳ። ውሃውን ሽማግሌው እጅ አጠገብ አስጠግቶ አኖረላቸው። የመሣሪያ ሳጥኑን አነሳ፣ ምሳ ዕቃውን አነሳ። ኸይሪያን አልፎ፣ ነሐሱን አልፎ፣ በተከፈተው ደፍ በኩል ሳይመልስላቸው ሄደ።